የ23 ኪሎ ልዩነት

ሞተር ሳይክል ነድቼ አላውቅም። ቢሆንም ዛሬ ስለ ሁለት ትልልቅ ሞተሮች ልጽፍላችሁ ነው፤ «ይሄ የወንዶች ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። አንድን ዕቃ ከባለቤቱ ይልቅ የምታጥበው ሴት እንደምታውቀው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ድስቱ የት ጋ እንደተጫረ፣ ሶፋው ሥር ምን እንደወደቀ፣ ከማዳም ጫማዎች የትኛው ተረከዙ እንደላላ እናውቃለን። እኔ በዚህ ላይ ሁለት ሞተር ጨምሬ አውቃለሁ፣ ያውም ከሥራቸው።

የምሠራው ሀዝሚዬ ነው። ሕንፃው ሥር ያለው ጋራዥ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ የሚስተር ነው፤ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ ይባላል። ሌላው የማዳም ወንድም ነው፤ ሆንዳ አፍሪካ ትዊን፣ 1100 የሚባለው። የእሱ ቤት ጋራዥ ስለሌለው እኛ ጋ ያቆመዋል። እሁድ እሁድ ሁለቱ በደማስቆ መንገድ ወደ ዳህር ኤል ባይዳር፣ ወይም ወደ ፋራያ ይወጣሉ። በጋ ሲሆንና በረዶው ሲቀልጥ እስከ አርዝ ድረስ ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ከዚያ ሰገነት ላይ ተቀምጠው ክርክር ይጀምራሉ፦ የማን ይበልጣል? ቡናውን የማቀርበው እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ክርክር ስሰማ ኖሬ፣ እነሱ ሳይጨርሱት እኔ ጨረስኩት።

ሰኞ ጠዋት የማጥበው እኔ ነኝ። ሞተር ማጠብ ኮንትራቴ ላይ የለም። ግን የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ እንዳደረገ ታውቃላችሁ፤ «ይሄ ሥራዬ አይደለም» ብዬ ለማን እከሳለሁ? ስለዚህ ባልዲዬን ይዤ እወርዳለሁ።

መጀመሪያ የሚለያዩት በሞተሩ ቅርጽ ነው። የቢኤምደብሊው ሁለት ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ እንደ ጆሮ ወጥተዋል። ከፊት ለፊት ስታዩት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች ሴት ይመስላል። ጭቃው እነዚያ ጆሮዎች ላይ ስለሚጋገር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካልሆነ አይወጣም። የሆንዳው ሁለት ሲሊንደሮች ግን እንደ መንታ ጎን ለጎን ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል፤ ሞተሩ ቀጭን ነው፤ ለማጠብም ይቀላል። ትዊን ማለት መንታ ስለሆነ እኔ «የአፍሪካ መንታ» ነው የምለው።

ሁለተኛው ልዩነት እጄ ላይ የሚቀር ነው። ሆንዳው የኋላ ጎማውን የሚያሽከረክረው በካቴና ነው፣ ልክ እንደ ብስክሌት። ካቴና ቅባት ይፈልጋል፣ ቅባቱ አቧራ ይይዛል፣ አቧራው ጥቁር ጭቃ ይሆናል። እሱን ካጸዳሁ በኋላ ጥፍሬ ሥር የገባውን ጥቁር ሎሚም ኦሞም ለሁለት ቀን አያስለቅቀውም። ቢኤምደብሊው ካቴና የለውም። ጉልበቱ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ በሚዞር ዘንግ ነው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው፤ እንደ መኪና። ከላይ በጨርቅ ጠረግ ታደርጊዋለሽ፣ አለቀ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሰኞ ሰኞ ቢኤምደብሊው ይሻላል። ግን የማዳም ወንድም አንድ ቀን ያለውን አልረሳም። «ያንተ ዘንግ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢሰበር ምን ታደርጋለህ? የእኔን ካቴና መንደር ውስጥ ያለ ብስክሌት ሠሪም ቢሆን ያስተካክልልኛል» አለው ለሚስተር። ሚስተር ሳቀ፣ መልስ ግን አልነበረውም። እኔም የወሎ ልጅ ነኝና ውስጤ «ልክ ነው» አለ። የካቴናው ነገር ዓይን ያየዋል፤ የላላውን ታጠብቂዋለሽ፣ የደረቀውን ትቀቢዋለሽ። የተዘጋው ነገር ግን ደህና እስካለ ድረስ ደህና ነው፤ ሲበላሽ ልዩ መካኒክና ልዩ መፍቻ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። ቢኤምደብሊው ነዳጁን ሞልቶ 249 ኪሎ ይመዝናል። ሆንዳው፣ ያው በእጅ ፍሪሲዮን የሚሠራው፣ 226 ኪሎ ነው። ልዩነቱ 23 ኪሎ። እነሱ ስለዚህ 23 ኪሎ ሲጨቃጨቁ እኔ በልቤ ስቄአለሁ። 23 ኪሎ ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል! አንድ ሻንጣ ነው። ኤርፖርት ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ ቁጥሩን የምትለማመኚው፣ 24 ሲል አንድ ጫማ አውጥተሽ እጅሽ ላይ የምትይዢው፣ ያ ሻንጣ ማለት ነው። ሚስተር ሁልጊዜ አንድ የተሞላ ሻንጣ ተጨማሪ ተሸክሞ ነው ተራራ የሚወጣው። በምትኩ ብዙ ጉልበት አለው፤ የእሱ 136 የፈረስ ጉልበት ሲሆን የሆንዳው 102 ነው። አስፋልት ላይ፣ በተለይ ሚስቱን ከኋላ ጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ ልዩነቱ ይታወቃል ይላሉ። ጠጠርና አሸዋ ላይ ግን ቀላሉ ያሸንፋል። የሆንዳው የፊት ጎማም 21 ኢንች ነው፣ የቢኤምደብሊው 19። ትልቅ ጎማ ድንጋይንና ጉድጓድን ተሻግሮ ያልፋል፤ ትንሹ ግን ይገባበታል።

ይህን ሁሉ ከእነሱ አፍ ሰምቼ ነው። በገዛ እጄ ያወቅኩት አንድ ነገር ግን አለ።

አንድ ክረምት ሁለቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ ጋራዡ ውስጥ ወደቁ። ወለሉ እርጥብ ነበር፤ ባለቤቶቻቸው ሲያዞሯቸው ተንሸራተቱባቸው። ሁለቱም ጊዜ የሕንፃው ናጡርና እኔ ተጠራን። ሆንዳው መጀመሪያ ወደቀ። የብረት መከላከያ ስላልተገጠመለት መሬት ላይ ጨርሶ ተዘረጋ፤ ናጡሩ፣ የማዳም ወንድምና እኔ ሆነን እየተንፈራገጥን አነሳነው። ከሦስት ቀን በኋላ ቢኤምደብሊው ወደቀ። «ይሄማ ይገድለናል» ብዬ ነበር። ግን ቢኤምደብሊው ጨርሶ አልተኛም! ያ እንደ ጆሮ የወጣው ሲሊንደር፣ ከነብረት መከላከያው፣ መሬቱን ነካና ሞተሩን ደገፈው። ዘንበል ብሎ ቆሞ ጠበቀን። ከግማሽ መንገድ ስለጀመርን ከባዱ ከቀላሉ ቀሎ ተነሳ።

ናጡሩ ያን ቀን ብልሃቱን አሳየኝ፤ ለእናንተም ይጠቅማል፣ ማቀዝቀዣ ስትገፉም ጭምር። ፊትሽን ወደ ሞተሩ አታዞሪ። ጀርባሽን ትሰጪዋለሽ፤ ወገብሽ ወንበሩ ላይ ይደገፋል። በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው ከወንበሩ ሥር ያለውን ብረት ትይዣለሽ፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ ትቀመጪና በእግርሽ ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ እየተራመድሽ ትነሻለሽ። ጉልበቱ ከእግር ነው፣ ከወገብ አይደለም። ከመጀመርሽ በፊት ግን በወዲያኛው በኩል መቆሚያ እግሩን አውርጂ፤ አለበለዚያ ከዚህ ሲነሳ ወደዚያ ይወድቃል።

ስለ ሁለቱ ሞተሮች ያወቅኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ክብደቱን ብቻ አትጠይቂ፣ ሲወድቅ በምን እንደሚደገፍ ጠይቂ።

አንድ ማታ ቡና ይዤ ስገባ ሚስተር «አዲስ አበባ» ሲል ሰማሁት። ትሪውን አስቀምጬ ቆምኩ። የሚያወራው ስለ አንድ ፈረንሳዊ ነበር፤ ኡበር ኦሪዮል ይባላል። በኋላ ስልኬ ላይ ፈልጌ አነበብኩ። ኦሪዮል በ1952 እ.ኤ.አ. የተወለደው አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ በየተራራው የምናያቸው እነዚህ ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ታሪካቸው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ቢኤምደብሊው የመጀመሪያውን ጂኤስ ያወጣው በ1980 ነው፤ ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ «ሜዳና አስፋልት» ለማለት ነው። በዓመቱ፣ በ1981፣ ኦሪዮል በዚያ ዓይነት ሞተር ከፓሪስ ተነስቶ ሰሃራን አቋርጦ ዳካር የሚደርሰውን ውድድር አሸነፈ። በ1983 ደገመው። በ1987 ደግሞ በሌላ ሞተር፣ በጣሊያን ካጂቫ፣ ሲመራ ቆይቶ ሊጨርስ አንድ ቀን ሲቀረው ወድቆ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። እንደዚያ ሆኖም የዕለቱን መንገድ ጨርሶ ነው ከሞተሩ የወረደው። ያን ዓመት ያሸነፈው ሲሪል ኔቩ ነው፣ የተቀመጠውም ሆንዳ ላይ። ሆንዳ ከ1986 እስከ 1989 አራት ዓመት በተከታታይ አሸንፎ፣ በመካከሉ በ1988 የመጀመሪያውን አፍሪካ ትዊን ለገበያ አወጣ። ኦሪዮልም አልቀረም፤ በ1992 በመኪና ተመልሶ አሸነፈና በሞተርም በመኪናም ዳካርን ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2021 አረፈ።

በቃ፣ ከዚያ ቀን በኋላ እነዚያ ሞተሮች ለእኔ የሰው ዕቃ ብቻ አልሆኑም። እሱ በአዲስ አበባ ተወልዶ በሰሃራ አለፈ። እኔ ከወሎ ተነስቼ በአየር ላይ መጣሁ፤ ከታች ያለውን መንገድ አላየሁትም። «በየብስ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ያዘኝ።

አለ እኮ መንገዱ! በሰሜን አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ ባለሞተሮች ሲያልፉበት ኖረዋል። በ2007 ኢዋን ማክግሬገር የተባለው ተዋናይና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን በቢኤምደብሊው ጂኤስ ከስኮትላንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲሄዱ ኢትዮጵያን አቋርጠዋል። ከቤይሩት ብንነሳ እንዲህ ነው፦ በማስናዕ ድንበር ደማስቆ፣ ከዚያ አማን፣ ከአቃባ በመርከብ ኑወይባ፣ ካይሮ፣ አስዋን፣ ዋዲ ሃልፋ፣ ካርቱም፣ ገዳሪፍ፣ ጋላባት፣ መተማ። ከመተማ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር፣ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ አዲስ አበባ።

ሳህን እያጠብኩ ሁለቱን ሞተሮች በዚህ መንገድ ላይ አወዳድሬአቸዋለሁ። እስከ አማን አስፋልት ነው፤ ቢኤምደብሊው ይሻለኛል፤ ንፋሱን የሚከላከለው መስታወት ሰፊ ነው፣ ካቴና መቀባት የለ። ከካርቱም በኋላ ግን ሙቀቱና አቧራው፣ ከመተማ በኋላ ደግሞ ዳገቱ አለ፤ እዚያ የአፍሪካው መንታ ይሻለኛል። ቀላል ነው፤ የፊት ጎማው ትልቅ ነው፤ ካቴና የሚያውቅ ሠሪ ደግሞ ጎንደር አይጠፋም። ነዳጅ ከተባለ ቢኤምደብሊው 20 ሊትር፣ ሆንዳው 19 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በዚያ በኩል እኩል ናቸው። ወንበራቸውም የሁለቱም ዝቅ ሲል 85 ሳንቲ ሜትር ነው። ለእኔ ቁመት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ እግሬ መሬት አይደርስም።

ዛሬ መንገዱ ዝግ ነው። ሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ እየነደደች ነው፤ ከመተማ ወዲያ ያለውም ሰላም አጥቷል። ግን መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜስ ቢሆን?

ይህን የምለው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ሚስተር አንድ ጊዜ ግብፅ ድረስ በሞተር ለመሄድ አስቦ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የዘረጋውን ወረቀት ሳነሳ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «የሞተሩ ፓስፖርት» አለኝ። ካርኔ ይሉታል። ሞተሩ ድንበር ሲገባ ማህተም ይመታበታል፣ ሲወጣ ማህተም ይመታበታል፤ ባለቤቱ ሞተሩ ተመልሶ እንደሚወጣ ዋስትና ያስይዛል። ስሙ፣ ቁጥሩ፣ ቀለሙ ሁሉ ተጽፏል። ሚስተር ወረቀቱን ሰብስቦ በፕላስቲክ አቃፊ መሳቢያ ውስጥ አስገባው። መሳቢያው የኔ ፓስፖርት ያለበት ነው።

ሚስተር ክፉ ሰው አይደለም፤ ደመወዜንም አያስቀርም። ግን ያን ቀን ሁለቱ ፓስፖርቶች አንድ ላይ ተኝተው አየሁ፣ የሞተሩና የኔ። አንድ ዓይነት ቁልፍ፣ አንድ ዓይነት ባለቤት። ማታ ላይ ድፍረት አግኝቼ «የኔን እኔ ልያዘው» ብዬ ጠየቅኩ። «ምን ያደርግልሻል? የት ልትሄጂ ነው?» አለኝ። ኮፒውን ሰጠኝ። ዋናውን እስከ ዛሬ በየጊዜው እጠይቃለሁ፤ መጠየቄን አላቆምም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ዳሂያ ስትመታ የእኛ ቤት ሰዎች በመኪና ወደ ተራራው ወጡ፣ እኔንም ይዘውኝ። ሁለቱ ሞተሮች ሽፋናቸውን ለብሰው ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። አህጉር ለማቋረጥ የተሠሩ ናቸው፤ ያን ሌሊት ግን ከአንድ ግንብ ጥግ አልተንቀሳቀሱም። ዳሂያ የነበረች ጓደኛዬ የሠራችበት ቤት ሰዎች ቀድመው ወጥተው ነበር። እሷን ከእሳቱ ያወጣት ጎረቤቷ የነበረ ሱዳናዊ የዴሊቨሪ ልጅ ነው። ትንሿ ስኩተሩ ላይ እሱ፣ እሷና ሌላ አንዲት ልጅ ሦስት ሆነው፣ በተጨናነቁት መኪናዎች መሃል ሾልከው አሽራፊዬ ደረሱ። ሻንጣዋ ቀረ። ያ የተለመደው 23 ኪሎ ማለት ነው። ስትደውልልኝ የመጀመሪያ ቃሏ «ሞተር እገዛለሁ» ነበር።

አሁን ያቺ ጓደኛዬ ፍሪላንስ ነው የምትሠራው። ጠዋት ሲን ኤል ፊል፣ ከሰዓት ጁኒየ። ለሰርቪስ የምትከፍለው ከምታገኘው ብዙውን ይወስድባታል። ዶውራ ላይ እቁብ ገብታ ብር እያጠራቀመች ነው፤ ስኩተር ልትገዛ። «አንቺ ሞተር አዋቂ ነሽ፣ ምን ዓይነት ልግዛ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የእሷ ጥያቄ ነው። ጥያቄው የእሷ ብቻ እንዳልሆነ እሁድ እሁድ ስንገናኝ ሰምቻለሁ። መልሴ ይኸው።

እግርሽ መሬት ይድረስ፤ ሁለቱም፣ ሙሉ በሙሉ። ከዚያ ጋደም አድርገሽ ብቻሽን አንሺው። ትንሽ ስኩተር ከ100 ኪሎ ብዙ አይበልጥም፤ በተማርኩት ብልሃት ትችዪዋለሽ። ካልቻልሽ አትግዢው፣ ምንም ቢያምር። ፍሬኑን፣ ጎማውንና መብራቱን ከሻጩ ሌላ የሆነ ሰው ይይልሽ። ሄልሜት ከሞተሩ ጋር አብረሽ ግዢ፤ «ቀስ ብዬ ስለምነዳ» የሚባል ነገር የለም፣ ቀስ ብለሽ ስትነጂ ሌላው በፍጥነት ይመጣብሻል። ሠፈርሽ ያለ ሠሪ መለዋወጫውን የሚያገኝለት ይሁን። የሚስተር ዓይነት ተአምር የሆነ ዘንግ ለእኛ አይሆንም፤ ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚደርስበት ካቴና ወይም ቀበቶ ይበቃናል።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀቱ በማን ስም እንደሚሆን ጠይቂ። ለጓደኛዬ አንድ ሰው «በኔ ስም እናድርገው፣ ምን ችግር አለው» ብሏታል። ችግሩ ብዙ ነው። ገንዘቡ የአንቺ፣ ስሙ የሌላ የሆነ ነገር ጭቅጭቅ በመጣ ቀን የማን እንደሚሆን እናውቃለን። ወረቀት የሌለው ሞተር ደግሞ ፖሊስ ኬላ ላይ ይወሰዳል፤ ከዚያ ጥያቄው ከሞተሩ ወደ ኢቃማሽ ይዞራል። ስለዚህ ብሩን ከመክፈልሽ በፊት ወደ ማኅበራችን ነይ፤ ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅልሽ። ወረቀቱ የማይሆን ከሆነ የእቁቡ ብር ይቆይ። ብር አይበሰብስም።

ሁለቱ ወንዶች አሁንም ይከራከራሉ። ሚስተር ቢኤምደብሊው አዲስ 1300 ጂኤስ አውጥቷል፣ 237 ኪሎ ሆኗል፣ ቀሏል ይላል። የማዳም ወንድም «አሁንም ከእኔ ይከብዳል» ይላል። ይከራከሩ። እኔ የምለው ቀላል ነው። ሁላችንም ከባድ ነገር ይዘን ነው የምንሄደው፤ እዳ፣ የቤት ናፍቆት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ። መውደቅም አይቀርም። ያ ቢኤምደብሊው ከሆንዳው ቀሎ የተነሳው ከሥሩ የሚደግፈው ነገር ስለነበረው ነው። ለእኛ ያ ነገር እቁባችን፣ ማኅበራችን፣ በሌሊት ስልክ የምታነሳ ጓደኛ ናት። ጓደኛዬ ስኩተሯን ስትገዛ፣ መጀመሪያ ጋደም አድርገን እናነሳዋለን፤ በዶውራ፣ እሁድ፣ ሦስት ሆነን። ከዚያ እሷ ብቻዋን ትሞክረዋለች።